ሮቤን አውስትራሊያ ውስጥ ያገኘው ጂፒኤስ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ቁጥር ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ባዘጋጀሁት ዘገባ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ «ቀበሌዋ ከጤና ጣቢያው የምትርቀው 3.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ዘገባው በክረምት ወራት ነፍሰ ጡር እናቶችን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚያደርሱ የጎባ አካባቢ ገበሬዎች ነው። መምህራችን ረቂቁን ሲመልሱልኝ ከጽሑፉ ሁሉ መርጠው በቀይ እስክሪብቶ የከበቡት «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነበር። ከጎኗም «ሄደሽበታል?» የሚል ጥያቄ ጽፈውባታል። አልሄድኩበትም። ቁጥሩን የነገረኝ ጂፒኤስ ነው።

ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ እዚህ የምጽፈው ከእኛ በኋላ ለፊልድ የምትወጡ ተማሪዎች መሣሪያውን ይዛችሁ ስትሄዱ ምን እንደያዛችሁ እንድታውቁ ነው። በመሣሪያው ላይ ማማረሬም አይቀርም፤ በመሐል በመሐል ስላለ አንባቢ ይታገሰኝ።

መሣሪያው

ዲፓርትመንታችን ለተማሪ የሚያውሰው ጂፒኤስ የለውም። እኛ የተጠቀምንበት የክፍል ጓደኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። ወንድምየው ባሕር ዳር የመርከበኝነት ሥልጠና ወስዶ በውጭ መርከብ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ መሣሪያውን የገዛው አንድ የአውስትራሊያ ወደብ ላይ ነው። ለእረፍት ሲመጣ ለወንድሙ ትቶለት ሄደ። በእጅ የሚያዝ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ባሕር ላይ ቢወድቅ የሚንሳፈፍ የመርከበኛ ጂፒኤስ ነው። ሌላው ቀርቶ ሰው ከመርከብ ሲወድቅ ቦታውን ወዲያው ምልክት የሚያደርግ ቁልፍ እንኳ አለው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር በሌላት ሀገር፣ ያውም ባሌ ደጋ ላይ፣ ይህን ቁልፍ ምን እናደርግበታለን ብለን ስንስቅ ነበር። በኋላ ግን ጠቀመን፤ እሱን እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ከፈትነው። ትንሽ ቆይቶ ሳተላይቶቹን አገኘና ያለንበትን ቦታ ነገረን፤ ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከጥቂት ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 40 ዲግሪ ገደማ ምሥራቅ። ልክ ነው፣ ሮቤ እዚያ ናት። ደስ አለን። ቀጥሎ ካርታውን ስንከፍት አንዲት ቀስት ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ ቆማለች። ሮቤ የለችም። ጎባ የለችም። ወደ ኋላ እየሳብን ስናይ አንድ ቀጭን መስመር መጣ፣ መንገድ መሆኑ ነው። በጣም ወደ ኋላ ስንስብ አዲስ አበባ፣ የሀገሪቱ ድንበርና ሰማያዊ ጠብታ የመሰሉ ጥቂት ሐይቆች ታዩ። 37 ደሴቶች አሉት የሚባለው ጣና አንድም ደሴት የለውም፤ ዝም ያለ ሰማያዊ ነው።

ጓደኛዬ ተናደደና በፍለጋው ሳጥን በላቲን ፊደል አር፣ ኦ፣ ቢ፣ ኢ ብሎ ጻፈ። መሣሪያው አሰብ አደረገና «ሮቤ ተገኝታለች» አለ። ርቀት፦ ከ6 ሺህ በላይ። አቅጣጫ፦ ወደ ደቡብ ምሥራቅ። እኛ ሮቤ ተቀምጠን!

ያገኘው በደቡብ አውስትራሊያ ጠረፍ ላይ ያለችውን የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። የእሷም ስም በላቲን ፊደል እንደኛይቱ ሮቤ ነው የሚጻፈው። በኋላ እንዳነበብኩት እ.ኤ.አ. በ1857 በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ወርቅ ፈላጊዎች የቪክቶሪያ ግዛት የጣለባቸውን የመግቢያ ቀረጥ ለማምለጥ እዚያ ወርደው፣ ወደ ወርቁ ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘዋል። ታሪክ ያላት ከተማ ናት፣ አንነፍጋትም። መሣሪያው የወደቧን አፍ፣ የመብራት ማማውን፣ የባሕሩን ጥልቀት ሳይቀር በሜትር ያውቃል። የባሌዋን ሮቤ ግን የሚያውቃት እግራችን ስር ስላለች ብቻ ነው፤ ያውም በስም ሳይሆን በቁጥር።

(በነገራችን ላይ ስም መመሳሰል የባሕር ማዶ ችግር ብቻ አይደለም። አርሲ ውስጥም ሮቤ አለች። ዘገባ ላይ «ሮቤ» ብሎ ዝም ማለት ለባሌ ሰው በቂ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ግን አይደለም።)

ቦታን ማወቅና ካርታን ማወቅ

እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የምናምታታው ነገር አለ። ጂፒኤስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ሳጥን ውስጥ የያዘ መሣሪያ ነው። አንደኛው ተቀባዩ ሲሆን፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር በላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሬዲዮ ምልክት ይቀበላል። እያንዳንዱ ሳተላይት «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» ይላል። ተቀባዩ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ከብርሃን ፍጥነት ጋር አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። አራት ሳተላይት ካገኘ ኬክሮሱን፣ ኬንትሮሱን፣ ከፍታውንና የራሱን ሰዓት ስህተት ማስላት ይችላል። የሰዓቱ ነገር ቀላል አይደለም፤ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚው ምልክቱን ሆን ብላ ታዛባው ስለነበር መቶ ሜትር መሳት የተለመደ ነበር። በዚያ ዓመት ሜይ ወር መጀመሪያ ላይ ማዛባቱ ቀረ። ዛሬ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ተራ መሣሪያ የሚስተው ጥቂት ሜትር ነው። በዚህ በኩል ሳነቴ ላይ ያለ እረኛና ሲድኒ ያለ መርከበኛ እኩል ናቸው። ሰማዩ አያዳላም።

ሁለተኛው ሥራ ካርታው ነው። እሱ ከሰማይ አይመጣም። ሰው ሠርቶ፣ ሰው መርጦ ፋብሪካ ውስጥ የጫነው ፋይል ነው። አዳልዎ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አብሮ የሚጫነው ካርታ ለምን ባዶ ሆነ? የኩባንያ ሰው አላነጋገርኩም፤ ግን ምክንያቱን ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። መላው ዓለም በአንዲት ትንሽ ሚሞሪ ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይጨመቃል። ዝርዝሩ የሚቀመጠው ገዢው አለ ለሚባልበት ቦታ ሲሆን፣ የእኛ መሣሪያ ደግሞ ለመርከበኛ የተሠራ በመሆኑ ዝርዝሩ ሁሉ ባሕር ነው። የብስ የሚያስፈልገው መርከቧ እንዳትወጣበት ብቻ ነው ማለት ይቻላል! ከሁሉ የሚብሰው ግን የመነሻው ካርታ መስፈርት ነው። ዓለም አቀፍ ዲጂታል ካርታዎች በብዛት መሠራት ሲጀምሩ ከዋና ምንጮቻቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው፣ ከአሜሪካ ጦር የአብራሪዎች ካርታ የተቀዳው የዓለም ዲጂታል ካርታ ነበር። መስፈርቱ አንድ ለአንድ ሚሊዮን ነው። ይህም ማለት በወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የእርሳስ ጫፍ የሚያህል ስህተት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያንሸራትታል።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚኒባስ ስንሄድ መሣሪያውን መስኮቱ ላይ አስደግፈን ቀስቷን እንከታተል ነበር። አስፋልት ላይ ነን፤ ቀስቷ ግን ከመንገዱ መስመር ወጥታ ስንዴ ማሳ ውስጥ ትሮጣለች። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው «ይቺ ነገር መንገድ ስታለች ወይስ ሹፌሩ ነው የሳተው?» ብለው ጠየቁን። ቀስቷ ልክ ነበረች። የሳተው መስመሩ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ግን ተቃራኒውን ያምናል፤ ምክንያቱም ካርታ ሲታይ እውነት ይመስላል። ሌላው የሚያታልል ነገር ማጉያው ነው። ወደ ውስጥ እያቀረባችሁ ስትሄዱ ስክሪኑ ላይ «200 ሜትር» የሚል መለኪያ ይመጣል፤ ያኔ ካርታው እስከ 200 ሜትር ድረስ የሚያውቅ ይመስላችኋል። አያውቅም። ያንኑ ሻካራ መስመር ነው የሚያጎላው።

3.3፣ 6.1፣ 11

ወደ ቁጥሬ ልመለስ። ወደ ቀበሌዋ የመጀመሪያ ጊዜ የሄድነው በጋ ላይ ነው። በበጋ ብቻ በሚያስኬድ ዙሪያ ጥርጊያ፣ በሞተር ሳይክል ሄድን። መንገዳችን ላይ ጤና ጣቢያውን ስናልፍ በመሣሪያው ምልክት አድርገንበት ነበር። ቀበሌዋ ስንደርስ «ወደ ጤና ጣቢያው» የሚለውን ስንነካ 3.3 አለ። ጻፍኩት።

መምህሩ ከጠየቁኝ በኋላ ጓደኛዬ ስክሪኑን ደግሞ ሲያይ ከቁጥሩ ጎን ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ አገኘ፤ ኤን እና ኤም። ኖቲካል ማይል። የመርከብ መሣሪያ ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው በመርከበኛ መለኪያ ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ መነሻው አንድ የኬክሮስ ደቂቃ ምድር ላይ የሚሸፍነው ርቀት ነው። ለመርከበኛ ያመቻል፤ ለእኔ ግን ዘገባዬን በግማሽ አሳጠረብኝ። 3.3 ኖቲካል ማይል 6.1 ኪሎ ሜትር ነው።

ረቂቁን ወደ 6.1 አርሜ፣ ይህ ጊዜ ግን ለመሄድ ወሰንን። ክረምቱ ገብቶ ነበር። ከጤና ጣቢያው ተነስተን ወደ ቀበሌዋ በእግራችን ጉዞ ጀመርን፤ ከመኪናው መንገድ ስንወጣ ያቺን «ሰው ባሕር ላይ ወደቀ» የምትል ቁልፍ ተጫንን፣ መመለሻ እንድትሆነን። መሣሪያው ከእኛ እስከ ቀበሌዋ ድረስ ቀጥ ያለ ሮዝ መስመር አሰመረ። ሁለት ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ አስታ የበቀለበት ትከሻ ላይ ስንደርስ ጉሙ ወረደ። የባሌን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የራስን ጫማ ማየት የሚቸግርበት ጊዜ አለ። ዱካው ጠፋብን። ስክሪኑ ላይ ግን ሮዙ መስመር እንደ ቅድሙ አለ፤ ግራ የለ፣ ቀኝ የለ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኛም ተከተልነው።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ልጅ «ኤሳ ዴምቱ?» ብሎ ጮኸ። ወዴት ትሄዳላችሁ ማለቱ ነው። ቆምን። ልጁ በጎቹን ትቶ መጥቶ እጄን ያዘና ጥቂት እርምጃ ወደፊት ወሰደኝ። ገደል ነው። ታች ወንዙ ይሰማል እንጂ አይታይም። ካርታችን ላይ ወንዙም ገደሉም አልነበሩም፤ ስለዚህ መሣሪያው መስመሩን ያሰመረው አየር ላይ ነው። መሣሪያው አልዋሸም። «በቀጥታ 6.1 ኪሎ ሜትር» ነው ያለው። «መንገድ» የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ ቀን ወደ ቀበሌዋ አልደረስንም። ወደ ኋላ የመለሰችን ያቺ የመርከብ ቁልፍ ናት፤ በዚህ አመሰግናታለሁ።

በሦስተኛው ጊዜ ሰማዩ ሲጠራ ሄድን፤ በሰላም ደረስን። የዘገባዬ ባለታሪክ እኩያዬ ልትሆን ምንም ያልቀራት እናት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወጥታ፣ ወንዙ ዳር መንገድ ላይ ነው የወለደችው። ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር እንደሆነ ስነግራት አማቷ ቀድመዋት ሳቁና በአፋን ኦሮሞ «ልጄ፣ አንቺ አሞራ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። ከዚያም መሣሪያውን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ገደሉ የታለ?» ብለው መለሱልኝ። መልስ አልነበረኝም።

እሳቸው መሪ ሆነው እናትየዋም ልጇን አዝላ፣ ቃሬዛው በሄደበት ዱካ አብረውን ወረዱ። መሣሪያው የሄድንበትን እንዲመዘግብ አደረግን። በቁልቁለቱ ሦስት ጊዜ ተጠማዞ ወንዙን ድንጋይ ባለበት ይሻገራል፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለውን ዳገት በአግድም ይወጣል። ጤና ጣቢያው በር ላይ መዝገቡ 11.4 ኪሎ ሜትር አለ። 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጅቶብናል፤ ያውም ሸክም ሳይኖርብን በደረቅ ቀን። ቃሬዛው ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ የደረሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ሰባት ሰዓት ሙሉ። (ሰዓት ካነሳን፣ የመሣሪያው ሰዓት የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማስታወሻ ደብተራችሁና መዝገቡ በስድስት ሰዓት ሲለያዩባችሁ አትደንግጡ።)

11.4ቱንም እንዳለ አልተቀበልነውም። መሣሪያው ስታርፉም ይመዘግባል፤ ቁጭ ባላችሁበት ነጥቡ በጥቂት ሜትር ወዲያ ወዲህ ሲል ርቀት ይደምራል። ነጥብ የሚይዝበትን ጊዜ ካራራቃችሁት ደግሞ ጥምዝምዙን ቆርጦ ያሳጥራል። ስለዚህ «11 ኪሎ ሜትር ያህል» ብለን ጻፍን። አስርዮሽ ማስቀመጥ ትክክለኛ ያስመስላል እንጂ አያደርግም።

የወረቀቱ ካርታ

ጉሙ ከመለሰን በኋላ ከሦስተኛው ጉዞ በፊት ያደረግነው አንድ ነገር አለ፤ በዚህም ተሳስተናል። የጂኦግራፊ ተማሪዎች ዘንድ የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተመው የአንድ ለ50 ሺህ ካርታ ቅጂ አገኘን። (ሥራው ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ስር ነው።) ጉድ ነው! ገደሉ አለ፤ ወንዙ አለ፤ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ጥቁር እስኪመስሉ ድረስ ተሰምረዋል። የእግር መንገዱ ሳይቀር በነጠብጣብ ይታያል። ከአሥርት ዓመታት በፊት አውሮፕላን ባነሳው ፎቶግራፍ ላይ ተመሥርቶ በሰው እጅ የተሰመረ ካርታ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን መሣሪያ አሳፈረው። ካርታ አልነበረንም ማለት አይቻልም። መሣሪያው ውስጥ አልገባም እንጂ።

ደስ ብሎን የወንዙን መሻገሪያ ኬክሮስና ኬንትሮስ ከወረቀቱ ለክተን መሣሪያው ውስጥ ሞላን። መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ግን መሣሪያው ገና 200 ሜትር ከምናምን ይቀራችኋል፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሂዱ ይላል። እግራችን ውሃ ውስጥ ነው!

ምክንያቱ ይህ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ በራሳቸው ሙሉ አድራሻ አይደሉም፤ «በየትኛው የምድር ቅርፅ ላይ ተለካ?» የሚል ጥያቄ አለባቸው። የድሮ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ሲሆን፣ ስሙ በኑቢያ ምድር ካለ የቅየሳ ነጥብ የመጣ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ይጠቀማል። በሁለቱ መካከል በእኛ ሀገር ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ ወደ ሰሜን የሚበዛ ወደ ምሥራቅም ያለበት። መሣሪያው ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ አዲንዳንን ከዝርዝሩ ከመረጣችሁ ይስተካከላል፤ ከወረቀት ስትወስዱ ወደ አዲንዳን፣ ስትጨርሱ ወደነበረበት። ሁለት ቁልፍ ነው። የማያውቀው ሰው ግን ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል፣ ወንዝ ዳር ላይ ይህ ደግሞ ማዶ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ወጥመድ ላክል። መሣሪያው 6 ዲግሪ 49.5 ደቂቃ ሲል፣ አንዱ ጓዳችን ማስታወሻው ላይ 6 ዲግሪ 49 ደቂቃ 5 ሰከንድ ብሎ ይጽፋል። ነጥብ አምስት ደቂቃ 30 ሰከንድ ነው እንጂ 5 ሰከንድ አይደለም። ልዩነቱ መሬት ላይ 770 ሜትር ያህል ይሆናል። በስልክ ቁጥሩን ስትቀባበሉ ደግማችሁ አንብቡ።

ባዶውን መሙላት

አሁን ብዙ የምናማርርበት ዘመን እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ሀገር የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም ሰው የሚጨምርበት፣ ማንም በነፃ የሚወስደው ካርታ ነው። ከእሱ ተዘጋጅቶ በሚሞሪ ካርድ እንዲህ ባለ መሣሪያ ላይ የሚጫን ፋይል ማግኘት ይቻላል። የከፍታ መስመሩን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 መንኮራኩር ኢንዴቨር ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር ከለካችው መረጃ ያገኛሉ። ያንን ስንጭን ባዶው ሜዳ ተነሳ። ሮቤ መጣች፣ ጎባ፣ ዲንሾ፣ በሳነቴ አናት አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ፣ ሪራ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከሚል ጽሑፍ ጋር። በእናትየዋ ቀበሌ ግን አሁንም ገደሉ እንጂ ዱካው የለም። የብሔራዊ ፓርኩ መሬት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው፣ ጎብኚ ስለሚሄድበት ተሞልቷል። ቃሬዛ የሚሄድበት መንገድ ላይ ጎብኚ አይሄድም።

እኛው ሞላነው። በእግራችን የመዘገብነውን ዱካ ጨመርን፤ መሻገሪያውን፣ ሁለት ምንጮችን፣ ከብት የሚወሰድበትን ሆራ ጨመርን። ከሥራው ሁሉ የከበደው ስም ነው። አንዱ ቦታ በአማርኛ የሚጻፍበት፣ በቁቤ የሚጻፍበትና የድሮው ካርታ ላይ ያለው ሦስቱ ሦስት ናቸው። ሳነቴ ነው ሳነቲ? ሰው ጠይቀን ነው የጻፍነው፤ ቢያንስ ሁለት ሽማግሌ፣ ለየብቻ። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ተራራ ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስሙን በላቲን ፊደል ሲያበላሸው አያስችለውም።

ሁሉንም ግን አልሞላንም። ከሐረና ጫካ ንብ የሚያንቡ አንድ አባት ስለ ሥራችን ሰምተው «የኔንም ቀፎ ልትጽፉት ነው?» ብለው ጠየቁን፤ ጥያቄው ቀልድም ስጋትም ነበረበት። አልጻፍነውም። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ሳነቴ ላይ አይተን እሱንም ዘለልነው። በዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር አልተስማማንም፤ እሱ መረጃ ሁሉ ይውጣ ይላል። እኔ ግን ጋዜጠኛ የምንጩን ስም የሚደብቅበት ምክንያት ለጉድጓድም ይሠራል ባይ ነኝ። ክርክሩ አላለቀም፤ በሚቀጥለው እትም እሱ ይጻፍ።

ለፊልድ ለሚወጣ ሰው የቀረኝ ባትሪ ነው። የደጋ ብርድ ተራ ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ይገድላል፤ ሳነቴ ላይ ከጠዋት የሞላ የነበረው ከሰዓት በኋላ ጠፍቶብናል። ትርፉን ብብታችሁ ስር ያዙ። በዋሻ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አትመኑት። ሶፍ ኡመር ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው ከድንጋይ ስር ነው፤ ሳተላይት ድንጋይ አያልፍለትም።

የታተመው ዘገባ ላይ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ «ከቀበሌዋ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች በክረምት ሰባት ሰዓት ይሄዱበታል።» «ብቻ» ወጥታለች።

መሣሪያው ባለፈው ወር ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድምየው ከአንድ ወደብ ደወለ። የኔን የባሕር ምልክቶች ከእናንተ ተራራ ጋር ቀላቅላችሁብኛል ብሎ ሳቀ፣ ከዚያም «ሌላው ገብቶኛል፤ ወንዝ ዳር ያለችው ኤል፣ አይ፣ ጄ የምትለዋ ምንድን ናት? ላጥፋት ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እናትየዋ ስንሻገር ቆማ «እዚህ ጋ ነው» ያለችበት ድንጋይ ነው። መሣሪያው የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል «ልጅ» የሚለውን በላቲን ነበር የጻፍነው። ጓደኛዬ ነገረው። አላጠፋትም።